ከሁለት መዝገብ የሚጎድል ልጅ

ሰሊጥ ሲደርስ ለባለቤቱ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉ መርገፍ፣ ግንዱም ቢጫ መሆን ሲጀምር ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ደርቆ ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። በመሆኑም በሁመራ፣ በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቆላ የተዘራው ሰሊጥ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታጨድ፣ በነዶ መታሰርና ለመድረቅ ቀጥ ተደርጎ መቆም አለበት። አጨዳው በአብዛኛው የሚከናወነው በሰው እጅና በማጭድ ስለሆነ የአካባቢው ነዋሪ ብቻውን አይደርስበትም። ከዚህ የተነሣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በየዓመቱ ወደ ቆላው ሲወርዱ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ የታየው ግጭት ጉዞውን አስጊ ቢያደርገውም፣ ሰዉን ከቀዬው የሚያስነሣው ችግር ግን አልተወገደም።

የአጨዳው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱትም በመስከረም ነው። የወባ ትንኝ በብዛት የምትራባውና ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካበቃበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ለጎልማሳው ሠራተኛ ይህ የወቅቶች መገጣጠም የተለመደ የኑሮ ጣጣ ሊሆን ይችላል። ለልጁ ግን ከዚያ የከበደ ነው። ገና ደብተሩን ሳይገልጥ የትምህርት ዓመቱ ያልፈዋል፤ ሰውነቱ ከማያውቀው በሽታ ጋርም ይጋፈጣል።

በጉዳዩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሠራተኛው እጥረት፣ ስለ ደመወዙና ስለ ምርቱ ብዛት ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ሆኖ በመቆየቱ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከሠራተኛው ጋር ስለሚጓዘው፣ ከእርሱ ተነጥሎ በመንደር ስለሚቀረውና በካምፕ ስለሚወለደው ልጅ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ለዚህም አንድ ግልጽ ምክንያት አለ። ልጁ በተነሣበት ቀበሌ «ሄዷል» ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል፤ በደረሰበት እርሻ ደግሞ «መንገደኛ ነው» ተብሎ ሳይመዘገብ ይቀራል። ከሁለቱም የጎደለ ልጅ ትምህርት ቤት አይፈልገውም፤ የጤና ባለሙያም አይጠይቀውም።

ከቀዬ የሚያስነሣው ምንድን ነው?

ሰው ከሞቀ ቤቱ ተነሥቶ በረሃ የሚወርደው በዋናነት መሬት ስለሚያንሰው ነው። ለአብነት ያህል፣ ሚስትና አምስት ልጆች ያሉት አንድ የደጋ ገበሬ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት አለው እንበል። ዝናቡ በሰመረበት ዓመት እንኳ የሚያገኘው እህል ከክረምቱ በፊት ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠየቅበትና ለልጆች ልብስና ደብተር መግዣ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። በዚሁ ወቅት የቆላው እርሻ ለአረም፣ ቀጥሎም ለአጨዳ ሰው ይፈልጋል። ገበሬው ገንዘቡን የሚያገኝበት ሌላ ቦታ ከሌለው መንገድ ይገባል።

ወጣቱን የሚያስነሣው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በአማራ ክልል አጠቃላይ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ልጅ የነበረውና ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ በአብዛኛው የሚጠብቀው ከወላጁ የሚካፈለውን ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። ስለዚህ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙን ወይም የጎረቤት ጎረምሳ ተከትሎ መሄዱ በብዙ መንደር ነውር ሆኖ አይታይም፤ እንዲያውም ለራሱ ኑሮ ማሰብ እንደ ጀመረ ይቆጠርለታል።

የእርሻዎቹ ባለቤትነት በየጊዜው ተለዋውጧል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የግል ባለሀብቶች፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደገና የግል ባለሀብቶች አልምተዋቸዋል። ከደጋ ተነሥቶ የሚያርመውና የሚያጭደው ሰው ግን ያው የመሬት ጥበት ያለበት ገበሬና ልጁ ናቸው።

አብሮ የሚወርደው ልጅ

ከአባቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርድ ልጅ በመጀመሪያ የሚያጣው እንቅልፉን ነው። የቀኑ ሙቀት የሚያስቸግር በመሆኑ ሥራው ጎሕ ሳይቀድ ይጀመራል፤ አንዳንድ ጊዜም ማታ ይቀጥላል። ማደሪያው ሣር የለበሰ ዳስ ከሆነ ደኅና ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሜዳ ላይ ወይም ከግራር ሥር ይተኛል። ውኃው ከወንዝ፣ ከኩሬ ወይም በበርሜል ተጭኖ ከሚመጣው የሚቀዳ ስለሆነ ተቅማጥ አይለየውም። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቦታ በመቶ የሚቆጠር ሰው ሲሰፍር በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ቀናት አይፈጅበትም።

ሥራው በኮንትራት ሲሆን ደግሞ ልጁን የሚያሠራው አሠሪው ብቻ አይደለም። ክፍያው በታጨደው ወይም በተለቀመው መጠን የሚታሰብ ከሆነ አባት የልጁን እጅ መጨመሩ የማይቀር ነው። በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በኪሎ፣ በቡና አብቃይ አካባቢዎችም ቀይ ቡና በክብደት በሚለቀምበት ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። የልጁ ስም በካቦው ደብተር ላይ አይሰፍርም፤ የለቀመው ግን ከአባቱ ድርሻ ጋር ተደምሮ ይመዘናል። ቢታመም ወይም እባብ ቢነድፈው አሠሪው «እኔ ልጅ አልቀጠርሁም» ለማለት የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው የበሽታው ጉዳይ ነው። የደጋ ልጅ ወባን የሚቋቋም ሰውነት የለውም። ቆላ ተወልዶ ያደገው ልጅ ደጋግሞ በመያዝ ያገኘውን መጠነኛ የመቋቋም ኃይል ይህኛው ስላላገኘ ሲያመው ይጸናበታል። ከወባ ሌላም ካላዛር አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ስትሆን፣ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር አካባቢ ትኖራለች፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከግራር ሥር፣ በዋልካ መሬት ላይ የሚተኛ ልጅ ለእርሷ የተዘጋጀ ያህል ነው።

የካላዛር ምልክት በመጀመሪያ ከወባ ጋር ይመሳሰላል። ትኩሳቱ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ በሽተኛው ይከሳል፤ ደሙ ያንሳል፤ በግራ ጎኑ ያለው ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ሳይታከም ከቀረ በአብዛኛው ለሞት ያደርሳል። መድኃኒት አለው፤ ይሁንና ሕክምናው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ መርፌ መወጋትን ስለሚጠይቅ በሆስፒታል መተኛት ያስፈልጋል። እንግዲህ በሽታው የሚታወቀው ልጁ ወደ ቀዬው ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሊሆን እንደሚችል ልብ ማለት ይገባል።

ይህም ከቆላው እርሻ ርቆ ያለውን መንደር ጭምር የሚነካ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኙት የሊቦ ከምከምና የፎገራ ወረዳዎች ቀደም ሲል ካላዛር የሚታወቅባቸው አልነበሩም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው በትኩሳት ይሞት ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ እንደሆነ ታስቦ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ ግን በሽታው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ባለሙያዎች እንደሚገምቱት በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ከሁመራና ከመተማ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ደም ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ ከቀዬአቸው ርቀው ሄደው የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ ታመዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። የአንዱ ተጓዥ ጤና የመንደሩ ሁሉ ጤና ነው።

በመንደር የሚቀረው ልጅ

አባት ብቻውን ሲሄድ ልጁ ከበሽታው ይድናል፤ ከሥራው ግን አያመልጥም። የአባትየው ድርሻ በቤት ውስጥ ላሉት ይከፋፈላል። ከብት መጠበቁ፣ ሰብልን ከወፍና ከዝንጀሮ መከላከሉ፣ እንጨት መልቀሙ፣ እህል ማስፈጨቱ ከልጆቹ ላይ ይወድቃል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ማሽላውና በቆሎው የሚያሽትበት ስለሆነ ሰብል ጠባቂ ልጅ ከማሳው መንቀሳቀስ አይችልም። ታላቂቱ ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አዝላ፣ እናቷን በወፍጮና በማጀት ስትረዳ ውላ ትምህርት ቤት ብትደርስም የምትደርሰው ረፍዶ ነው።

በሬ ያለው ቤተሰብ የእርሻ ሥራውን በ14 ዓመት ልጅ ላይ ይጥላል። በሬ የሌለው ወይም ልጆቹ ለእርፍ ያልደረሱለት ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። የእኩል አራሹ ምርቱን ስለሚካፈል አባትየው በቆላ ለፍቶ ያመጣው ገንዘብ በቀዬው ያጣውን እህል መልሶ ከመግዛት አያልፍም። ይህን ሒሳብ ብዙ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ አያሰላውም። አባት በኅዳር መጨረሻ ሁለት ልብስና ጥቂት ብር ይዞ ሲገባ ደስታ ነው፤ በዚያው ዓመት ከትምህርት የወጣው ልጅ ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

በካምፕ የሚያድገው ልጅ

በየዓመቱ ከሚመላለሰው ሌላ፣ ለወቅት ሥራ ሄዶ እዚያው የሚቀር ሠራተኛም አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሠራተኛ ያገኘው ከከምባታና ከሐድያ ነበር። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ጥቂት ወራት ሠርተው ለመመለስ ይሄዱ ነበር። ውሎ አድሮ ቤተሰብ መሠረቱ፤ ልጆቻቸውም በእርሻው ካምፕ ተወለዱ። በመተሐራም ተመሳሳይ ሁኔታ ታይቷል።

በካምፕ ማደግ ጥቅም አለው። በትልልቅ እርሻዎች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ስለሚኖር የቋሚ ሠራተኛ ልጅ በብዙ የገጠር መንደር ከሚያድገው ልጅ ይልቅ ለትምህርት የቀረበ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የወንጂ ልጆች ታሪክ ሌላ ነገርም ያስተምራል። በስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ ለመጠጥ በተቆፈሩት ጉድጓዶች የተገኘው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር።

ከደጋ አድጎ የመጣው አባት ይህን ውኃ ቢጠጣ ጥርሱ አይለወጥም፤ ጥርሱ የተሠራው በቀዬው ነውና። እዚያው የተወለደው ልጅ ግን ጥርሱ ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ ይዥጎረጎራል፤ ቡናማ ቀለምም ይይዛል፤ ዕድሜ ልኩንም አይለቀውም። ለብዙ ዓመታት ውኃውን ከጠጡት ሠራተኞች መካከልም ወገባቸውና አንገታቸው የደረቀ፣ ጎንበስ ቀና ማለት ያቃታቸው ተገኝተዋል። ችግሩ በመታወቁ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ፍሎራይድን የሚያጣሩ መሣሪያዎች መተከል የጀመሩ ቢሆንም፣ በየካምፑ ላለው ሕዝብ ሁሉ ንጹሕ ውኃ ለማዳረስ ብዙ ዓመታት ወስዷል። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ኖረው፣ ከአንድ እንስራ ጠጥተው የሚደርስባቸው ጉዳት የተለያየ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለጎልማሳ የማይታይ ጉዳት በልጅ ላይ ይጻፋል።

ሁለቱ መዝገቦች

የሦስቱም ልጆች ችግር የሚገናኘው ከመዝገቡ ላይ ነው። በትምህርት ቤት የምዝገባ ወቅት ያልተገኘ ልጅ በስም ዝርዝሩ አይገባም። ተመዝግቦ ለሳምንታት የቀረ ደግሞ «አቋርጧል» ተብሎ ይሰረዛል። በታኅሣሥ ተመልሶ ቢመጣ የግማሽ ዓመቱ ፈተና ደርሷል፤ ጓደኞቹ የተማሩትን አልተማረም፤ መምህሩም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሊያስኬደው ይቸገራል። በዚህ ሁኔታ አንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ጊዜ የደገመ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጡን አፍሮ ይተወዋል። ትምህርት የጠላ የሚመስለው ልጅ ብዙ ጊዜ በትክክል የጠላው ኃፍረቱን ነው።

ክትባትም እንዲሁ ነው። ሕፃን ልጅ በተወለደ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ለኩፍኝ ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወሩ መከተብ አለበት። እናቱ ለቡና ለቀማ ወይም ለጥጥ በሄደችበት ወቅት ቀኑ ካለፈ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቱን ዘግታ ስታገኘው ትመለሳለች። በእርሻው አካባቢ ያለችውም ልጁን በዝርዝሯ ስለማታገኘው አትጠይቀውም። ኩፍኝ ካልተከተቡ ልጆች መካከል አንዱን ካገኘ በተጨናነቀ ካምፕ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት የታወቀ ነው።

በሌላ አገር ምን ተደረገ?

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አትክልትና ፍራፍሬ እየተከተለ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የሚዘዋወር ሠራተኛ አለ። የታወቀው የእርሻ ሠራተኞች መሪ ሴሳር ቻቬዝ በ1927 እ.ኤ.አ. ከአሪዞና ገበሬዎች ተወለደ። ቤተሰቡ መሬቱን ካጣ በኋላ በካሊፎርኒያ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞር ልጁ ከሠላሳ በላይ ትምህርት ቤቶችን ቀያይሮ ከ8ኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን አቆመ። በ1962 እ.ኤ.አ. የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ለመሆን የበቃው ከዚህ ኑሮ ወጥቶ ነው። በዚያች ባለጸጋ አገር የእርሻ ሕጉ ዛሬም ልል ነው። 12 ዓመት የሞላው ልጅ በወላጁ ፈቃድ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በእርሻ ተቀጥሮ እንዲሠራ የአገሪቱ ሕግ ይፈቅዳል።

ሆኖም ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ሥራ ተሠርቷል። በ1966 እ.ኤ.አ. ለተዘዋዋሪ ሠራተኞች ልጆች ልዩ የትምህርት ፕሮግራም ተቋቋመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የልጆቹ የትምህርትና የጤና መረጃ በአንድ ማዕከል፣ ሊትል ሮክ በተባለች ከተማ በኮምፒውተር ይያዝ ጀመር። ልጁ አዲስ ትምህርት ቤት ሲደርስ መምህሩ የት ድረስ እንደተማረና ምን እንደተከተበ ጠይቆ ያገኝ ነበር። ያ ማዕከል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢዘጋም በሌላ የመረጃ መረብ ተተክቷል። ዋናው ቁም ነገር ኮምፒውተሩ አይደለም፤ መዝገቡ ልጁን መከተሉ ነው።

የአንድ ሰው ትጋትም ብዙ እንደሚያደርግ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በ1962 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሆሴ ኼርናንዴዝ ከሜክሲኮ የመጡ ተዘዋዋሪ የእርሻ ሠራተኞች ልጅ ነበር። የ2ኛ ክፍል አስተማሪው ቤታቸው ድረስ ሄዳ ልጆቹ ይማሩ ዘንድ በአንድ ቦታ እንዲረጉ ወላጆቹን መከረች፤ እነርሱም ሰሟት። ልጁ መሐንዲስ ሆነ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ሕዋ ተጓዘ። ሁሉም ልጅ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ የሚያውቀው ሰው ቤቱን አንኳኩቶ መጠየቁ የልጁን መንገድ ሊለውጠው ይችላል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅን መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሊሠራ አይገባውም። ሕጉ ግልጽ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚጣሰው በረሃ ላይ ሲሆን ልጁ የሚነሣው ግን ከቀዬው ነው። ማን እንደሄደ፣ መቼ እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው መንደሩ ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ትልቅ በጀት ሳይጠብቁ ሊያከናውኑት የሚችሉት ሥራ አለ።

አንደኛ፣ የጉዞ መዝገብ ማቋቋም ነው። አንድ ደብተር ይበቃል። የሚሄደው አባወራ ወይም ወጣት ስም፣ አብሮት የሚሄደው ልጅ ዕድሜና ክፍል፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ የሚመለሱበት ወር፣ ደላላ ካለም የደላላው ስም ይጻፍ። ስሙ የተጻፈ ደላላ የ12 ዓመት ልጅ ጭኖ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያስባል። መዝገቡ ለመከልከያ ወይም ለመቅጫ የሚውል ከሆነ ግን ሰዉ በሌሊት መሄድ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዓላማው ለማወቅና ለመርዳት መሆኑ በስብሰባ ላይ በግልጽ ይነገር።

ሁለተኛ፣ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር መስማማት ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት ይመዝገብ፤ ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ መሸኛ ደብዳቤና የክፍል ውጤት ካርዱ ይሰጠው። በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ የሚመለሱት ልጆች ስማቸው ሳይሰረዝ ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት የሚያገኙበት መንገድ ይፈለግ። በመንደሩ ካሉት የ12ኛ ክፍል ጨራሾች መካከል በዚህ ሊረዳ የሚችል አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የጤናው ጉዳይ ነው። ከመነሣታቸው በፊት የሕፃናቱ የክትባት ካርድ ይታይ፤ ካርዱም አብሯቸው ይሂድ። አጎበር ይዘው እንዲሄዱ፣ ከግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ እንዳይተኙ ይመከሩ። ሲመለሱ ትኩሳት የያዘው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያድርግ። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ትኩሳቱም ከሁለት ሳምንት ያለፈ ልጅ ካለ ጠበል ወይም የባህል ሐኪም ዘንድ ሲመላለስ ጊዜ እንዳያልፍበት፣ በቆላ እርሻ ቆይቶ እንደነበር ተነግሮ ካላዛር ወደሚታከምበት ሆስፒታል ይላክ። ሐኪሙ በሽታውን ቶሎ የሚጠረጥረው ልጁ የት እንደነበር ሲያውቅ ነው።

አራተኛ፣ በቤት የቀረውን ልጅ ማገዝ ነው። ደቦና ወንፈል ለአጨዳና ለቤት ሥራ እንደሚጠራው ሁሉ፣ አባወራው ለሌለበት ቤት ለአንድ ሁለት ቀን ቢጠራ የ14 ዓመቱ ልጅ ከእርፍ ይገላገላል። የብዙ ቤት ከብት በተራ የሚጠበቅበት ልማድ ባለበት መንደር፣ ተራው ለትምህርት ሰዓት እንዲመች ማደላደል የማኅበሩ ሽማግሌዎች ሥልጣን ነው።

አምስተኛ፣ የጉዞ መዝገቡን ለወረዳው ማሳወቅ ነው። ከአንድ ቀበሌ መቶ ሰው ወደ አንድ አካባቢ መውረዱ በጽሑፍ ከታወቀ፣ ወረዳው ለተቀባዩ ወረዳ ሊጽፍ፣ ለመጠለያ፣ ለውኃና ለጤና ባለሙያ ዝግጅት እንዲደረግ ሊጠይቅ ይችላል። ለአሠሪውም ቢሆን የታመመ ሠራተኛ አያጭድም። በቁጥር ያልቀረበ ጥያቄ ግን መልስ አያገኝም።

«አትሂዱ» ማለት የሚያስኬድ አይደለም። ለልጆቹ እህል መግዣ የሚፈልገውን አባት ባዶ ምክር አያስቀረውም፤ ባዶ ጎተራ ታቅፎ ቢቀመጥም ልጁ አይማርም። ሊደረግ የሚችለው አባት ሲሄድ ልጅ እንዲቀር፣ የቀረው እንዲማር፣ መቅረት የማይችለው ደግሞ ታውቆ ሄዶ ታውቆ እንዲመለስ ማድረግ ነው። የአንድ ወቅት የልጅ ደመወዝ በጥር ያልቃል፤ የተቋረጠ ትምህርትና የተጎዳ ጤና ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል።

የመጀመሪያዎቹ የአረም ሠራተኞች የሚነሡት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። የጉዞ መዝገቡ ከዚያ በፊት መከፈት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በግንቦት ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ፣ አንድ ደብተርና አንድ ጸሐፊ መመደብ ከበቂ በላይ መነሻ ነው። በሚቀጥለው ታኅሣሥ መሪው ደብተሩን ገልጦ «እነማን ሄዱ? እነማን ተመለሱ? ከተመለሱት ልጆች ስንቱ ክፍል ገባ?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ፣ ከሁለት መዝገብ ይጎድል የነበረው ልጅ ቢያንስ በአንዱ ተገኝቷል ማለት ነው።